በመኪናዬ ጎማ ውስጥ የቀረው ውኃ

በሪሞት የምነዳትን ትንሿን መኪናዬን ውኃ ባቆረ ሜዳ ላይ ካዋልኳት በኋላ አንዱን ጎማ ጨመቅ ባደርገው ውስጡ ቦጭ ቦጭ አለ። ውኃው የሚገባው በቸርኬው ላይ ባሉት የአየር ማስተንፈሻ ቀዳዳዎች ሲሆን፣ የጎማውን ቅርጽ የሚጠብቀው ስፖንጅ መጥጦ ስለሚያስቀረው ጎማው ይከብዳል፤ ክብደቱም ወደ አንድ ወገን ስለሚያደላ መኪናዋ ፍጥነት ስትጨምር ትንቀጠቀጣለች፣ ጫናው ደግሞ ለሞተሩና ለማርሽ ጥርሶቹ ይተርፋል።

ጎማው ከቸርኬው ጋር በሱፐር ግሉ የተጣበቀ በመሆኑ ፈትቶ ማድረቅ አይታሰብም። ስለዚህ የቸርኬውን ቀዳዳዎች በፕላስተር ሸፍኜ፣ መሬት በሚነካው የጎማው ወገብ ላይ ትይዩ የሆኑ ሁለት ቀዳዳዎችን በቆዳ መብሻ በሳሁ፤ በቢላ የተሰነጠቀ ጎማ ውሎ አድሮ ይተረተራልና ክብ ቀዳዳ ይመረጣል። ጎማው ሲሽከረከር ውኃው ወደ ዳር እየተወረወረ በእነዚሁ ቀዳዳዎች ይወጣል፣ አየሩም ይተነፍሳል። ሁሉንም መድፈን ግን አልወደድኩትም፤ አየር የታፈነበት ጎማ እንደ ኳስ ይነጥራል።

ውኃ የማይመጥ ስፖንጅ ያለው ጎማ ብገዛ ኖሮ ይህ ሁሉ ጣጣ ይቀልልኝ ነበር። ለጊዜው ከነዳሁ በኋላ ጎማዎቹን ከነቸርኬያቸው አውልቄ፣ አንደኛውን ቀዳዳ ወደ ታች አድርጌ አሳድራቸዋለሁ፤ ጠዋት ከሥራቸው የማገኘው ጭቃማ ውኃ አሁንም ያስገርመኛል።