ከጢያ እስከ ኮንሶ፦ ደቡብን ከአስጎብኚ ጋር

ደቡብን በአስጎብኚ ለመዞር የወሰንኩት ለምቾት ብዬ አይደለም። ጢያን፣ ዶርዜን፣ ኮንሶን በፎቶ ሁላችንም ለምደናቸዋል። እኔ የፈለግኩት ግቢው ውስጥ ይዞኝ የሚገባ ሰው ነበር።

ስለዚህ ድርጅት ስመርጥ ከዋጋው በፊት የጠየቅኩት፣ በየደረስንበት የአካባቢው ልጅ ያስጎበኘን እንደሆነ ነው። አንዱ "የኛ ሰው ሁሉንም ያውቃል" አለኝ፤ ተውኩት። ሌላዋ ዶርዜ ላይ የዶርዜ ልጅ፣ ኮንሶ ላይ የኮንሶ ልጅ እንደሚቀበለን ነገረችኝ። ከእሷ ጋር ሄድኩ። ዋጋው ምን ምን እንደሚጨምርም በጽሑፍ አስላክኩ፦ የመግቢያ ክፍያ፣ ጀልባ፣ ምግብ፣ የአካባቢ አስጎብኚ። ቻሞ ሐይቅ ላይ ጀልባው የሚከራየው በሙሉ ስለሆነ በቡድን መሄድ እዚያ ጋ በደንብ ያዋጣል።

የመጀመሪያው ማረፊያችን ጢያ ነበር። በ1980 እ.ኤ.አ. በዩኔስኮ የተመዘገበ ቦታ ነው። ከቆሙት 36 ድንጋዮች 32ቱ ላይ ምልክት ተቀርጿል። አስጎብኚው በጣቱ እየተከተለ የተቀረጹትን ሰይፎች ቆጠረልን። ብቻዬን ብሆን ዞር ዞር ብዬ እወጣ ነበር።

ከቡታጅራ በሆሳዕና አድርጎ እስከ ወላይታ ሶዶ መንገዱን የሚያጅበው እንሰት ነው። ከዚያ ቁልቁል ይወረዳል፣ ሙቀቱ ይመጣል፣ እንሰቱ ለሙዝና ለማንጎ ቦታውን ይለቃል። አርባ ምንጭ ከገደሉ አፋፍ ላይ ሁለቱ ሐይቆች አንድ ላይ ይታያሉ። አባያ ቀላ ያለ ቡናማ፣ ቻሞ ደግሞ ሰማያዊ። መሃላቸው የእግዜር ድልድይ የሚባለው መሬት። የአባያ መልክ ወንዞች ከሚያመጡት አፈር ነው፤ የደጋው መሬት ሲሸረሸር ከዚህ ላይ ሆኖ ይታያል።

ዶርዜ ግን ልቤን ወሰደው። ከአርባ ምንጭ ሽቅብ 40 ኪሎ ሜትር እንኳ አይሞላም፤ ግን ሹራብ ያስለብሳል። የሰፈሩ ልጅ ወደ አክስቱ ግቢ ወሰደን። የቀርከሃው ቤት ፊት ለፊቱ ዝሆን ይመስላል። "ይሄ ቤት በዕድሜ ይበልጠኛል፤ ቁመቱ ግን እያጠረ ነው" አለኝ። ምስጥ እግሩን ሲበላው ያን ይቆርጡና ቤቱን ዝቅ ያደርጉታል። ሲያስፈልግም ጎረቤት ተሰብስቦ ተሸክሞ ሌላ ቦታ ይተክለዋል። አክስቱ እንሰት እየፋቁ ነበር። መፋቂያውን ሰጡኝና "ነይ ልጄ፣ ሞክሪው" አሉኝ። ክንዴ ቶሎ ዛለ። እሳቸው ግን ሳያቋርጡ እያወሩኝ ይፍቃሉ። ቆጮውን ከምጣዱ ላይ ትኩሱን በማርና በዳጣ በላን። ሽሮ ሜዳ ጥበብ ስገዛ የማየው ሸማኔ ከየት እንደመጣም እዚያ ገባኝ፦ በየግቢው ሴቶቹ ይፈትላሉ፣ ወንዶቹ ይሸምናሉ።

ኮንሶ በ2011 እ.ኤ.አ. የተመዘገበው ለእርከኑና በድንጋይ ለታጠሩ መንደሮቹ ነው። አንዳንዱ የእርከን ግንብ 5 ሜትር ይደርሳል። ያለ ሲሚንቶ፣ ድንጋይ በድንጋይ ላይ። ይህ ሥራ ከ400 ዓመት በላይ ሲወራረስ ኖሯል። ከእርከኑ ይልቅ የገረመኝ ሞራ የሚሉት የጋራ ቤት ነው። ታች ሰው ይሰበሰባል፣ ላይኛው ላይ ወጣቶች ያድራሉ፤ እሳት ቢነሳ መንደሩ ወዲያው የሚደርስለት ጉልበት አለው ማለት ነው። አስጎብኚያችን ራሱ እዚያ እያደረ ያደገ ነው። በዋካ ሐውልቶቹ አጠገብ ሲያልፍም ድምፁን ዝቅ አደረገ። ለሞቱ ጀግኖች የሚቆሙ የእንጨት ሐውልቶች ናቸው፤ ብዙዎቹ ተሰርቀው ተሸጠዋል። ይህን ሲነግረን እንደ ታሪክ ሳይሆን እንደ ቤተሰብ ሐዘን ነበር።

በየቦታው ካሜራ ከማውጣቴ በፊት የአካባቢውን ልጅ አስፈቅድልኝ እል ነበር። በዚህ ምክንያት ማንም ፊቱን አላዞረብኝም። ለአስጎብኚዎቹ ጉርሻ የሚሆን ዝርዝር ብር መያዝም ይጠቅማል።

ስንመለስ ሐዋሳ አድረን፣ ጠዋት አሞራ ገደል አሳ በላን። አባ ኮዳዎቹ፣ እነዚያ ትልልቅ ወፎች፣ እግር ሥር ናቸው። ደስ ይላል፤ ግን ሐዋሳን ሁሌም በራስ መሄድ ይቻላል። ለድርጅቷ የነገርኳትም ይህንኑ ነው፦ የሐዋሳውን አዳር ለኮንሶ ይስጡት። ኮንሶ አንድ አዳር አይበቃውም፤ ከሰዓት ገብቶ ጠዋት የሚወጣ ሰው ሞራው ማታ ሲሞላ አያይም።