የመንሲ ሰማያዊ ጠርሙሶች

ከኮሎምበስ፣ ኦሃዮ ተነስቼ በሀይዌይ 70 ወደ ምዕራብ ስነዳ ቆይቼ፣ ኢንዲያና ገብቼ ሪችመንድ ስደርስ ፈጣኑን መንገድ ለቀቅኩት። ከሪችመንድ እስከ ካምብሪጅ ሲቲ ባለው አሮጌው 40 ቁጥር መንገድ ላይ የአሮጌ ዕቃ መደብሮች ብዙ ናቸው። የምፈልገው የጓዳ ጠርሙስ ነበር፤ ያ የአሜሪካ የቤት እመቤቶች ለብርዱ ወራት ቲማቲሙን፣ ኮኩን፣ ፎሶሊያውን ቀቅለው ያሽጉበት የነበረው ሜሰን ጃር።

አንዱ መደብር ውስጥ ሻጯ አሮጊት ሁለት ጠርሙሶች አጠገብ ለአጠገብ አስቀመጡልኝ። በሁለቱም ሆድ ላይ በጎላ ፊደል «ኅዳር 30፣ 1858» የሚል የፈረንጅ ቀን አለ። «አያንብቡት፣ አፉን ይዳስሱት» አሉኝ። የአንደኛው አፍ ሻካራ ነው፤ ጣትን ይቧጭራል። በሰው ትንፋሽ ተነፍቶ፣ ከላይ የተረፈው መስታወት ተሰብሮ፣ አፉ በመሞረድ የተስተካከለ ነው። የሁለተኛው ግን ልሙጥ ነው፣ ከማሽን የወጣ። ቀኑ ጆን ላንዲስ ሜሰን የሚጠመዘዝ ክዳን ላለው ጠርሙስ ፓተንት (የፈጠራ መብት) ያገኘበት ነው እንጂ ጠርሙሱ የተሠራበት አይደለም። ፋብሪካዎች ለብዙ አሥርት ዓመታት ያንኑ ቀን እያተሙ ሸጠዋል። ቂጡ ላይ ያለው ቁጥርም የቅርጽ ማውጫው ቁጥር ነው፤ ዕድሜ አይነግርም።

ሜሰን ያሳዝነኛል። ፓተንቱን ሲያወጣ ገና የ26 ዓመት ወጣት ነበር። በ1879 መብቱ ሲያበቃ ማንም እየተነሳ ይሠራው ጀመር፤ እሱ በ1902 ሀብት ሳይኖረው ሞተ። ስሙ ግን ዛሬም በየጓዳው ይጠራል።

ከዚያ ሽቅብ ወደ ሰሜን፣ ወደ መንሲ። ጠርሙሱን ለዓለም ያዳረሱት አምስቱ የቦል ወንድማማቾች የከተሙባት ከተማ ናት። ሥራቸውን የጀመሩት በ1880 ኒው ዮርክ ክፍለ ግዛት ውስጥ ባለችው ቡፋሎ ላይ፣ ከአጎታቸው በተበደሩት 200 ዶላር ነው። በ1886 ፋብሪካቸው ተቃጠለ። በዚያው ዓመት ምሥራቅ ኢንዲያና ውስጥ የተፈጥሮ ጋዝ በብዛት ተገኝቶ ስለነበር፣ መንሲ መሬትና ነፃ ጋዝ ሰጥታ ጠራቻቸው። መስታወት ማቅለጥ እሳት የሚበላ ሥራ ስለሆነ ጥሪው ሊታለፍ አልቻለም፤ በ1888 ማምረት ጀመሩ። በዋይት ወንዝ ዳር ያሉት የቤተሰቡ ቤቶች ዛሬ ሚኔትሪስታ የተባለ ሙዚየምና የአትክልት ሥፍራ ሆነዋል። የአንዱ ወንድም ቤት በ1967 ተቃጥሎ ዓምዶቹ ብቻ ቀርተዋል። እዚያው ከተማ ያለው ቦል ስቴት ዩኒቨርሲቲም ስሙን ያገኘው ከእነሱ ነው፤ የከሰረውን ኮሌጅ ገዝተው በ1918 ለክፍለ ግዛቱ ሰጡት።

ልቤን የወሰደው ግን ሰማያዊው ቀለም ነው። ለብርሃን ሲያነሱት ቀጭን አረፋዎች ይታያሉ፣ ከታች ወፍራሙ ጋ ሰማያዊው ይጠነክራል። ይህ መልክ በአሸዋው ውስጥ ካለው ብረት የመጣ ነው፤ ፋብሪካው እስከ 1937 ገደማ ሠርቶታል። አሸዋው የመጣው ደግሞ ከሚቺጋን ሐይቅ ዳር ነው። እዚያው ኢንዲያና ውስጥ ባለችው ሚቺጋን ሲቲ ላይ 200 ጫማ ያህል ከፍታ የነበረው፣ ሰው ለሽርሽር ይወጣው የነበረ «ሁሲየር ስላይድ» የሚባል የአሸዋ ተራራ ነበር። በባቡር እየተጫነ ለመስታወት ሥራ ሄደ፤ በ1920ዎቹ ተራራው የለም። እጄ ላይ ባለው ጠርሙስ ውስጥ የዚያ ተራራ ቁራሽ ሊኖር ይችላል ብዬ ሳስብ፣ ዕቃውን እንደ ተራ ነገር መያዝ አልቻልኩም።

ለጀማሪ ሰብሳቢ የምለው አለኝ። ደማቅ ሐምራዊ ጠርሙስ ሲያዩ ይጠንቀቁ፤ ብዙዎቹ በጨረር ተመትተው ቀለማቸው የተቀየረ ናቸው፤ እኔ በነፃ ቢሰጡኝም አልወስድም። የዚንክ ክዳን፣ ከውስጥ ነጭ የወተት መስታወት የተለጠፈበት፣ ካገኙ ከጠርሙሱ አይለዩት። ምግብ ለማሸግ ግን አይጠቀሙበት፤ የዛሬው የደኅንነት መመሪያ የሚፈቅደው አዲሱን ባለ ሁለት ክፍል ክዳን ነው። ለደረቅ እህል ግን ግሩም ነው።

እኔ የገዛሁት «ቦል ፐርፌክት ሜሰን» የሚል በየቦታው የሚገኝ ሰማያዊ ነው። ብርቅ አይደለም፣ ዋጋውም ከአንድ ምሳ አይበልጥም። ሰብሳቢዎች የሚሻሙት በቡኒውና በብርቅዬው ነው፤ ለእኔ ግን ውዱ በሚሊዮን ቤት ያገለገለው ነው። ሽሮ ሞልቼበት ጓዳ መደርደሪያ ላይ ተቀምጧል። በርበሬውን ግን ብርሃን ስለሚያደበዝዘው ቁም ሣጥን ውስጥ ባለ ሌላ ዕቃ አስቀመጥኩት።

ቀጥሎ የምሄደው ሚቺጋን ሲቲ ነው። ተራራው በነበረበት ቦታ ላይ የኤሌክትሪክ ማመንጫ ተሠርቷል፤ አሸዋው የተጫነበትን የሐይቅ ዳር ቆሜ ማየት እፈልጋለሁ።