ደጄ ላይ የተከልኩት እሬት

ኮምቦልቻ ላይ በልጉ እምቢ ሲል ግቢው ወዲያው ያስታውቃል። ዘንድሮ ጽጌረዳው ጠወለገ፣ ሣሩም አረረ። የቧንቧ ውሃ በፈረቃ ነው፤ በርሜል ውስጥ ያጠራቀምኩት ለወጥ ቤትና ለልብስ እንጂ ለአበባ አይተርፍም። እሬቴ ግን ልክ በዚያ ሰሞን ረጅም አገዳ አውጥቶ አበበ።

ይሄ ሳሙናና ቅባት ላይ ስሙ የሚጻፈው አሎቬራ አይደለም። እሱ ከዐረብ ምድር የመጣ ነው። የኔው የአገር ልጅ ነው። አገራችን ከ40 በላይ የእሬት ዝርያ አላት፤ ብዙዎቹ ሌላ የትም አይበቅሉም።

ከእናት እሬት ሥር የበቀለውን ልጅ ያገኘሁት ከአክስቴ አጥር ሥር ነው። የተቆረጠው ቦታ እስኪደርቅ ድረስ ጥላ ውስጥ አቆየሁትና አሸዋና ጠጠር የበዛበት አፈር ላይ ተከልኩት። ውሃ የሚያቁር ዋልካ መሬት ሥሩን ያበሰብሰዋል። ጥሙን ግን ይችለዋል። ውሃውን ወፍራም ቅጠሉ ውስጥ ያከማቻል። ቅጠሉ ላይ ያሉት ጥቃቅን ቀዳዳዎችም ቀን ተዘግተው ይውሉና አየሩ ሲቀዘቅዝ ሌሊት ይከፈታሉ። እንዲህ ያለ ብልሃት ያለው ተክል እያለን በባልዲ ውሃ የምናስታምመውን አበባ ማሳደዳችን ያሳዝነኛል።

አበባው ከታች ጀምሮ ወደ ላይ ነው የሚፈነዳው። ስለዚህ ቶሎ አያልቅም። ጠዋት ጠዋት ንቦች ይከቡታል። ምንቃሯ ቀጭንና ቆልመም ያለ አንዲት ትንሽ ወፍም አትጠፋም። ቡናዬን ይዤ እሷን ማየት እወዳለሁ።

ጎረቤቴ እማማ ግን አልወደዱትም። «ልጄ፣ ይሄ እኮ የመቃብር ነው፤ ምነው ደጅሽ ላይ?» አሉኝ። እውነታቸውን ነው፤ እኛ ወሎዎች መቃብር ላይ እንተክለዋለን። እኔ እንደሚመስለኝ ለዚያ የተመረጠው ማንም ውሃ ሳያጠጣው ለምልሞ ስለሚኖር ነው። «እማማ፣ ሙታንን እንዲህ በታማኝነት የሚጠብቅ ተክል ለኛ ለቋሚዎቹ እንዴት ይከፋል?» አልኳቸው። ዝም ብለው ሲያዩት ቆዩና «አበባውስ ያምራል» አሉ።

አሁን ከሥሩ ልጆች አውጥቷል። ክረምቱ ሲያልፍ ነቅዬ በአጥሩ ዙሪያ እተክላቸዋለሁ። ከጫካ ቆፍሮ ማምጣት አያስፈልግም፤ አንዱ እናት ለሰፈሩ ይበቃል። የጽጌረዳውን ቦታም ለእነሱ እለቃለሁ፤ ለእሱ ስቀዳ የነበረው ውሃ ለጎመኔ ይሁን።