ምናልባትን መቁጠር

የዚያን ወር የውሃ ቢል ሳየው የሌላ ሰው ቢል የደረሰኝ ነበር የመሰለኝ። እኛ ቤት በወር የምንጠቀመው 12 ሜትር ኩብ ገደማ ነው። ወረቀቱ ግን 34 ይላል። ታሪፉ ደግሞ ፍጆታው በጨመረ ቁጥር ስለሚወደድ ብሩን ባልናገረው ይሻላል።

ማታ እራት ላይ ቤቱ ሁሉ መርማሪ ሆነ። እናቴ "ቆጣሪ አንባቢው ግቢ ሳይገባ ገምቶ ጽፎት ነው" አለች። ባለቤቴ ጥፋቱን አየር ላይ ጣለችው። ሰፈራችን ውሃ የሚመጣው በፈረቃ ነው፤ ሲለቀቅ መጀመሪያ አየር እየገፋ ቆጣሪውን ያሽከረክረዋል ትላለች። ልጄ "መስመራችንን የጠለፈ ሰው አለ" ብሎ ደመደመ። እኔ ደግሞ፣ አሁን ሳስበው አፍራለሁ፣ ሰርቪስ ቤቱን የተከራየችውን ልጅ ጠረጠርኩ። ከገባች ገና ሁለት ወሯ ነው። ልብስ ማጠብ ታበዛለች። በማግስቱ የጠራሁት የቧንቧ ባለሙያ ግቢውን አንዴ ዞር ዞር ብሎ አየና "ቧንቧው ከመሬት በታች ፈንድቷል፣ ሴራሚኩ ተነስቶ ይቆፈር" አለኝ።

"የኦካም ምላጭ" የሚባለውን የአስተሳሰብ መመሪያ ተማሪ ሳለሁ ለፈተና ሸምድጄው ነበር። ኦካም እንግሊዝ አገር ያለች ትንሽ መንደር ናት። ዊሊያም የተባለው የፍራንሲስካን መነኩሴ የዚያች መንደር ሰው ነው፤ በ1347 እንደ አውሮፓውያኑ አቆጣጠር እንደሞተ ይነገራል። ብዙ ሰው ሐሳቡን "ቀላሉ መልስ ትክክለኛው ነው" እያለ ያሳጥረዋል። እሱ ግን እንደዚያ አላለም። ያለው ሳያስፈልግ ነገር አታብዙ ነው። ይኼ ልዩነት የገባኝ ቢል ይዤ ስቀመጥ ነው እንጂ ክፍል ውስጥ አልነበረም።

ወረቀት አወጣሁና ጥርጣሬዎቹን በሙሉ ጻፍኩ። ከእያንዳንዱ ፊት እውነት እንዲሆን ስንት "ምናልባት" እንደሚፈልግ ቆጠርኩ።

የልጄ ሌባ ብዙ ምናልባት በላ። ቆጣሪው ሳይደርስ የተጠለፈ ውሃ እኛ ላይ አይቆጠርም። ስለዚህ ሌባው ከቆጣሪው ወዲህ፣ ማለትም ግቢያችን ውስጥ ገብቶ መቆፈር ነበረበት። ምናልባት ሌሊት ገባ፣ ምናልባት ውሻው አልጮኸም፣ ምናልባት አፈሩን መልሶ ደልድሎ ሄደ። ተሰረዘ። የእናቴ አንድ ምናልባት ብቻ ነው ያለው፣ ለማጣራትም ሁለት ደቂቃ ይበቃል። የቆጣሪውን ክዳን ከፍቼ አየሁ፤ ቁጥሩ ቢሉ ላይ ካለው ትንሽ አልፎ ሄዷል። ሰውዬው በትክክል ነው ያነበበው። አየር ከሆነ ደግሞ ፈረቃውን የሚጋራው ጎረቤታችንም መጮህ ነበረበት። አጥር ላይ ሆኜ ጠየቅኩት፤ የእሱ ቢል እንደ ሁልጊዜው ነው።

ተከራይዋ ቀረች። ትርፉ 22 ሜትር ኩብ ነው፣ ማለትም 22,000 ሊትር። ለ30 ቀን ሲካፈል በቀን ከ730 ሊትር በላይ። በሃያ ሊትር ጄሪካን 36 ጄሪካን! ሥራ ውላ ማታ የምትገባ አንዲት ልጅ በየቀኑ 36 ጄሪካን ውሃ የት ታደርገዋለች? ለባለቤቴ "ነገ እናገራታለሁ" ብያት ነበር። ከአፍ ከወጣ አፋፍ ነውና ሳልናገር በመቅረቴ ተመስገን።

እዚህ ላይ አንድ ስህተት ሠራሁ። የወጥ ቤቱ ቧንቧ ይንጠባጠብ ነበር። "ይኸው፣ ቀላሉ መልስ!" ብዬ ጎማውን ቀየርኩና ደረቴን ነፍቼ ተኛሁ። የገረመኝ ማግስቱን ነው። ከመቀየሬ በፊት ከሥሩ ያስቀመጥኩት ጆግ በሰዓት አንድ ሊትር እንኳ አልሞላም ነበር። ቢበዛ በቀን 24 ሊትር፣ በወር አንድ ሜትር ኩብ የማይሞላ ነው። ሌላው 21ስ? መልሱ ቀላል መሆኑ ብቻ ዋጋ የለውም፤ ሒሳቡን መሸፈን አለበት።

በ2011 እንደ አውሮፓውያኑ ጄኔቭ አጠገብ ካለው ሰርን የተባለ የፊዚክስ ምርምር ማዕከል ወደ ጣሊያን፣ 730 ኪሎ ሜትር ያህል የተላኩ ኒውትሪኖ የሚባሉ እጅግ ጥቃቅን ቅንጣቶች ከብርሃን ቀድመው የደረሱ መስለው ነበር። የቀደሙት በ60 ናኖ ሰከንድ ገደማ ነው። ዓለም ከብርሃን የሚፈጥን የለም ስላለው አንስታይን መውደቅ ሲያወራ፣ ሳይንቲስቶቹ ራሳቸው ዕቃቸውን ይፈትሹ ነበር። በኋላ ዋናው ጥፋት በደንብ ያልገባ የፋይበር ኬብል ሆኖ ተገኘ። እነሱም ኬብሉ ምን ያህል እንደሚያዘገይ ለክተው ከቁጥሩ ጋር ካስተያዩ በኋላ ነው እንጂ ላላ ስላለ ብቻ አይደለም ያመኑት። እኔ ግን ለክቼ ሳይሆን ቀይሬ ነው የተኛሁት።

ሁለት ጥርጣሬ ቀረኝ፤ የተቀበረው ቧንቧና እስካሁን ማንም ያላነሳቸው ሽንት ቤቶቹ። ሁለቱም አንድ አንድ ምናልባት ናቸው። ምላጩ የትኛው እውነት እንደሆነ አይነግርም። እኔ ግን አንደኛውን ለማጣራት ሴራሚክ መስበር፣ ሌላውን ለማጣራት ቀይ ሥር መቀቀል ብቻ እንደሚያስፈልግ አውቃለሁ።

ተከራይዋ ለሠርግ ክፍለ ሀገር የሄደችበትን ቅዳሜ መረጥኩ። ፈረቃችን ነው፣ ሮቶውም ጢም ብሏል። ከምሽቱ 4 ሰዓት ላይ ቆጣሪውን በስልክ ባትሪ አብርቼ ፎቶ አነሳሁ። ማንም ውሃ እንዳይነካ አዘዝኩ፤ እናቴ ለሻይዋ ቀድማ በጀሪካን ቀድታ አስቀመጠች። ጠዋት 12 ሰዓት ላይ ወጥቼ ሳየው 238 ሊትር ሄዷል። ሁላችንም ተኝተን! በስምንት ሰዓት 238 ከሆነ፣ በቀን 714፣ በወር ከ21 ሜትር ኩብ በላይ። የጠፋው ውሃ ቁልጭ ብሎ ወጣ።

ከዚያ የቀይ ሥሩን ውሃ በሁለቱም ሽንት ቤቶች ታንከር ውስጥ ጨመርኩ። ታንከሩ የሚያፈስ ከሆነ ቀለሙ መቀመጫው ውስጥ ይታያል። ሳልለቀው ግማሽ ሰዓት ጠበቅኩ። የኛው ንጹሕ ነው። የእንግዳው መቀመጫ ግን ውስጡ ሮዝ ሆኖ ጠበቀኝ። ከታንከሩ ሥር ያለችው ውሃ ማገጃ ጎማ ደርቃ ጠርዟ ተበልቷል። ውሃው ድምፅ ሳያሰማ በመቀመጫው ግድግዳ እየተንሸራተተ ይወርዳል። የታንከሩን መዝጊያ ዘግቼ ያንን ሌሊት ደግሜ ለካሁ፤ ቆጣሪው 3 ሊትር ብቻ ነው የተንቀሳቀሰው። ጎማዋን ሰኞ ገዛሁ። ዋጋዋ አንድ ኪሎ ቲማቲም አይገዛም።

ተከራይዋ ከሠርጉ ስትመለስ ቡና ላይ ታሪኩን አጫወትኳት፣ የጠረጠርኳትን ዘልዬ። የእንግዳው ሽንት ቤትና የእሷ ክፍል ግድግዳ ይጋራሉ።

"ታንከሩ ሲሞላ ሌሊት ሌሊት ያፏጭ ነበርኮ ጋሼ" አለች። "ከገባሁ ጀምሮ እሰማዋለሁ። እንግዳ የሚበዛበት ቤት ነው እል ነበር።"