የተሳሳትኩት ማስጻፉ ላይ ሳይሆን ማረሙ ላይ ነው

የ11ኛ ክፍል የአማርኛ መምህር ነኝ። ተማሪዎቼን ስለ ልቦለድ ሂሳዊ ድርሰት ማስጻፍ ስጀምር ስለ እርማቱ የሚያስጠነቅቀኝ ሰው አልነበረም። ሁሉም "ልጆቹ አይጽፉልህም" ነው ያሉኝ። ልጆቹ ጻፉ። ማንበብ ያቃተኝ እኔ ነኝ።

መጽሐፍ ለመምረጥ ብዙ አልተጨነቅኩም። የሐዲስ ዓለማየሁን "ፍቅር እስከ መቃብር" ያዝኩ። የማስተምረው ጎጃም ውስጥ ነው፤ ታሪኩም የጎጃም ነው። ዲማ ጊዮርጊስ ሲባል ግር የሚለው ተማሪ አልነበረኝም። ችግሩ መጽሐፉ ከ500 ገጽ በላይ መሆኑ ነው። ቤተ መጻሕፍታችን ውስጥ ያለው ደግሞ 3 ቅጂ፣ ተማሪው 64። ስለዚህ ወጋየሁ ንጋቱ በሬዲዮ የተረከውን ስልኬ ላይ ጫንኩ፤ ትንሽ ስፒከር ገዛሁ፤ በሳምንት አንድ ክፍለ ጊዜ አብረን ሰማን። የምንወያይባቸውን ገጾች ፎቶ ኮፒ አደረግኩ። ጭብጥ፣ ገጸ ባሕርይ፣ መቼት፣ ግጭት እያልኩ ትርጉማቸውን ሰሌዳ ላይ ጻፍኩ፤ ገለበጡ።

ከዚያ ስለ መጽሐፉ ሁለት ፍቅረኞች አንድ ጥያቄ ሰጠኋቸው። "ለበዛብህና ለሰብለ ወንጌል መከራ ተጠያቂው ማን ነው?" ሁለት ገጽ፣ ከ10 የሚታሰብ።

ቅዳሜና እሁድ ቁጭ ብዬ አረምኩ። ዲፓርትመንቱ የሰጠን ቼክሊስት አጠገቤ ነበር። መግቢያ 2፣ ሐተታ 4፣ መደምደሚያ 2፣ ሥርዓተ ነጥብና የእጅ ጽሑፍ 2። አብዛኛው ወረቀት አንድ ዓይነት ነው። ደራሲው የት እንደተወለዱ ይነግረኛል። ከዚያ ታሪኩን ከዳር እስከ ዳር ይተርክልኛል። መጨረሻ ላይ "ስለዚህ ተጠያቂው የፊውዳሉ ሥርዓት ነው" ይላል። መግቢያ አለ፣ ሐተታ አለ፣ መደምደሚያ አለ። 8፣ 9፣ 8፣ 9 እያልኩ ሄድኩ።

ማታ ላይ የአንዲት ልጅ ወረቀት ደረሰኝ። የምትቀመጠው ኋላ ነው። እጅ አውጥታ አታውቅም። መግቢያ የሚባል ነገር የለውም፤ "በዛብህን ማን ጠየቀው?" ብሎ ይጀምራል። ሰው ሁሉ የሰብለ ወንጌልን አባት ፊታውራሪ መሸሻን ይከሳል፣ ትላለች። በዛብህ ግን ፊታውራሪን ከማየቱ በፊት በስለት ተሰጥቶ ነበር። ወላጆቹ ልጃቸው እንዲተርፍላቸው ለቤተ ክርስቲያን ተሳሉት። እሱ ያልተበደረውን ዕዳ ሲከፍል አደገ። ሰብለ ወንጌልን አባቷ በዘር ኩራት አሰሯት፤ በዛብህን እናቱ በፍቅር አሰረችው። የታሰሩት ግን ሁለቱም ናቸው። ቀጥላ እንዲህ ጻፈች፦ "እኔም የስለት ልጅ ነኝ። እናቴን ስለምወዳት ለምን ብዬ ጠይቄያት አላውቅም። በዛብህም ያልጠየቀው ለዚህ ይመስለኛል።" እዚያ ላይ አቆመች።

በቀይ እስክሪብቶ ምን ብዬ እንደጻፍኩ ዛሬም ቃል በቃል አስታውሳለሁ። "መግቢያ የለም። መደምደሚያ የለም። የግል ሕይወትሽን አታስገቢ።" 4 ከ10።

ወረቀቱን ስመልስላት አንድ ጊዜ አየችው፣ አጠፈችው፣ ቦርሳዋ ውስጥ ከተተችው። ቅሬታ አላቀረበችም። ቅሬታ ያቀረቡት 8 ያገኙት ናቸው።

ከአንድ ወር ገደማ በኋላ ለሌላ ክፍል ስዘጋጅ ስለ ስለቱ የሚያወራውን ክፍል እንደገና አነበብኩ። መጽሐፉን ስንት ጊዜ አንብቤዋለሁ! የበዛብህን እናት ውድነሽ በጣሙን ግን አንድም ቀን በዚያ ዓይን አይቻት አላውቅም። ያሳየችኝ ያቺ ልጅ ናት። በማግስቱ ወረቀቷን ጠየቅኳት። "ቀድጄዋለሁ ቲቸር" አለችኝ።

ቢያንስ ውጤቷን ላስተካክል ብዬ ሪከርድ ክፍል ሄድኩ። "ሮስተር ተዘግቷል፤ የዲፓርትመንት ቃለ ጉባኤ አምጣ" ተባልኩ። የዲፓርትመንት ኃላፊው "በቼክሊስቱ መሠረት ነው ያረምከው፤ ታዲያ ስህተቱ ምኑ ላይ ነው?" አለኝ። ወረቀቱን አሳየኝ ሲለኝ ወረቀት የለም። ምክትል ርዕሰ መምህሩ ደግሞ "ለአንዷ ከከፈትን ነገ ሁሉም ይሰለፋል" አሉ። ሦስት ሳምንት ተመላለስኩ። መጨረሻ ላይ በቃል "አይቻልም" ተባለ። በጽሑፍ ስጡኝ ብል የሚሰጠኝ ጠፋ። አሁንም ሳስበው ያንገበግበኛል። የቼክሊስቱ ስህተት ማረሚያ ቼክሊስት የለውም። ግን እውነቱን ልናገር፤ እስክሪብቶውን የያዝኩት እኔ ነኝ።

ከዚያ በኋላ አሠራሬን ገለበጥኩት። መመሪያው እንደ ጭብጥና መቼት ያሉትን ቃላት አስቀድመህ አስተምር ይላል። እኔ መጨረሻ ላይ አደረግኳቸው። መጀመሪያ ሙግት ነው። አያቶቻችን በላ ልበልሃ እየተባባሉ ዳኛ ፊት ይከራከሩ አልነበር? ክፍሌን ችሎት አደረግኩት። ፊታውራሪ መሸሻ ይከሰሳሉ፤ ጠበቃ ይቆምላቸዋል፤ ሌላ ቀን ውድነሽ ትከሰሳለች፣ ሌላ ቀን በዛብህ ራሱ። ሕጉ አንድ ብቻ ነው፤ የተናገረ ሁሉ ምስክር ይጠራል። ምስክሩ ደግሞ ገጹ ነው። አንዱ "ሰብለ ወንጌል ደካማ ናት" ሲል ሃያ ልጅ "ገጽ ስንት?" ብሎ ይጮኻል። ማስረጃ መጥቀስ የሚባለው ነገር በአንድ ዓመት ንግግር አልገባቸውም ነበር፤ በሁለት ቀን ገባቸው። ሱፐርቫይዘር መጥተው "ክፍሉ ይንጫጫል" ብለው መዝገቤ ላይ ጽፈዋል። ይጻፉ።

ከችሎቱ በኋላ ነው የሚጽፉት። አንድ ገጽ ብቻ። የደራሲውን የሕይወት ታሪክ ከልክያለሁ። ታሪኩን መተረክም ከሁለት ዓረፍተ ነገር በላይ አይፈቀድም፤ መጽሐፉን አንብቤዋለሁ። "እኔ" ማለት ይፈቀዳል፣ ገጽ እስከጠቀሱ ድረስ። ለመጀመሪያው ረቂቅ ውጤት አልሰጥም፤ ኅዳጉ ላይ አንድ ጥያቄ ብቻ ጽፌ እመልሳለሁ። 64 ወረቀት በአንድ ጊዜ አላርምም፣ በሳምንት 16። አርባኛው ላይ የደረሰ መምህር አያነብም፣ ይቆጥራል። ያቺ ልጅ የመጣችብኝ ወደ ሃምሳኛው አካባቢ ነው። ቢሮው ስለሚጠይቅ ቼክሊስቱን እሞላለሁ፤ የምሞላው ግን አንብቤ ከጨረስኩ በኋላ ነው።

አገር አቀፍ ፈተናው ምርጫ ነው፣ ለምን ትደክማለህ የሚሉኝ ባልደረቦች አሉ። ችሎቴን መጥተው ይዩ።

ልጅቷን ይቅርታ ጠይቄያታለሁ። ጓደኞቿ ሳይሰሙ ሳይሆን ክፍል ውስጥ፣ ሁሉም እየሰሙ። ጥፋቱ የእኔ እንደነበር፣ እሷ ያየችውን እኔ እንዳላየሁ ነገርኳት። "ችግር የለም ቲቸር" አለች፣ አንገቷን ደፍታ። እስከ ዓመቱ መጨረሻ ሦስት ድርሰት ጻፈችልኝ። ሦስቱም ደራሲው የት እንደተወለዱ በመናገር የሚጀምሩ፣ ሐተታቸው የተስተካከለ፣ "ስለዚህ" ብለው የሚደመድሙ ነበሩ።