ሸራ የለበሰ አልጋ

ጅማ ላይ ሰማዩ ከሰዓት በኋላ ጠቁሮ ቆይቶ አሁን ዝናቡ አባርቷል። ቡና ማድረቂያ አልጋዎቹ ላይ የተጣለው ሸራ በተራ በተራ እየተገለጠ ነው። አንዱን አልጋ ለመግለጥ ብሎ ሌላውን የሚነካካ የለም።

አልጋዎቹን ስክሪን ላይ ስሎ የሚያሳይ ፕሮግራምም እንዲህ ነው መሆን ያለበት። ስዊንግ (የጃቫ ቋንቋ መስኮትና በተን መሥሪያ) ውስጥ አልጋ የሚባል የተዘጋጀ ነገር ስለሌለ፣ ጄፓነልን፣ ማለትም ባዶውን ሰሌዳ፣ ወርሶ ፔይንትኮምፖነንት በሚባለው የመሳያ ሜተዱ ላይ በራስ መሳል ግድ ነው። መጀመሪያ የወላጁ ፔይንትኮምፖነንት ይጠራል፤ ካልተጠራ የድሮው ሥዕል ሳይጠፋ አዲሱ ይደረብበታል። ከዚያ መሳል፣ መሳል ብቻ። እዚያ ውስጥ ዳታቤዝ የሚያነብ ኮድ ሳይ አዝናለሁ። መስኮቱ በሰፋ በጠበበ ቁጥር ይጠራል፤ የሚጠራውም የማውስ ጠቅታ በሚያስተናግደው በዚያው ትሬድ (የሥራ ክር) ላይ ነው። ንባቡ ግማሽ ሰከንድ ከፈጀ በተኑም ግማሽ ሰከንድ ይደነዝዛል። ንባቡን ስዊንግወርከር ከጀርባ ይጨርሰው፤ ሲያልቅ ሪፔይንት ለተለወጠው አልጋ ብቻ ይጠራ፤ ኤክስ፣ ዋይ፣ ስፋት፣ ቁመት ተሰጥቶት። ሪፔይንት እዚያው አይስልም፣ ወረፋ ያስይዛል፤ ተከታትለው የመጡትንም ያዋህዳል።

መጠኑም መነገር አለበት። 8 አልጋ ጎን ለጎን 2፣ ወደ ታች 4 ሆኖ፣ እያንዳንዱ 120 በ40 ፒክስል፣ ክፍተቱ ዳር ዳሩን ጨምሮ 10 ከሆነ፣ ፓነሉ የሚፈልገውን መጠን የሚናገረው ጌትፕሪፈርድሳይዝ 270 በ210 ይመልስ። ዝም ከተባለ ባዶ ጄፓነል የሚጠይቀው 10 በ10 ፒክስል ብቻ ነው፤ መስኮቱን በይዘቱ ልክ የሚያደርገው ፓክ ሲጠራ ሁሉም ነገር ነጥብ ያክላል።

ብዙ ሰው የሚያለቅሰው ግን በፊደሉ ነው። ድሮውስትሪንግ የሚቀበለው ዋይ የፊደሉ አናት ሳይሆን የሚቆምበት መስመር ነው። 0 ከሰጡት «እርጥብ» የሚለው ቃል ከፓነሉ በላይ ወጥቶ ይቀራል። ቁመቱን በግምት ከማስገባት የፊደሉን ልኬት የሚያውቀውን ፎንትሜትሪክስን መጠየቅ፦ ከአልጋው ቁመት የፊደሉን ቁመት ቀንሶ ለ2 ማካፈል፣ አሴንቱን (ከመስመሩ እስከ ፊደሉ አናት ያለውን ከፍታ) መደመር፣ በመጨረሻም የአልጋውን አናት። ፎንቱ ግዕዝ ይኑረው አይኑረው ካንዲስፕሌይአፕቱ ይናገራል፤ ኔጌቲቭ 1 (-1) ከመለሰ ሁሉም ፊደል አለ፤ ሌላ ቁጥር ከመለሰ ፎንቱ ውስጥ የሌለው የመጀመሪያው ፊደል እዚያ ቦታ ላይ ነው፤ ባዶ ሳጥን ይጠብቃል።

አንድ ነገር ግን አሁንም አልቆረጠልኝም። ሸራ የለበሰ አልጋ ሲሳል፣ የእርጥበቱን መጠን የሚያሳየው ቀለም ይሸፈን ወይስ ከሥር ይታይ? የሸራውን ግራጫ አልፋ (የቀለሙን ድፍንነት) 0.4 አድርጌ ስደርበው የእርጥበቱ ቢጫና አረንጓዴ ይመሳሰላሉ። ሙሉ በሙሉ ከሸፈንኩት ደግሞ፣ ዝናብ ሲመጣ የትኛው አልጋ ሊደርቅ እንደተቃረበ ማን ያውቃል?