«ሙሉ ስኮላርሺፕ» ያልከፈለልኝ ወጪ

የእንግሊዙ ዩኒቨርሲቲ ደብዳቤ ሲደርሰኝ ዓይኔ ያረፈው አንድ ሐረግ ላይ ነው፤ «ሙሉ ድጋፍ ያለው የፒኤችዲ ቦታ»። የቀሩትን ገጾች ሳላነብ ቤት ደውዬ እልልታ አስነሳሁ። በማግስቱ ተረጋግቼ ስቀመጥ ግን ሦስተኛው ገጽ ላይ አንዲት መስመር አገኘሁ። የትምህርት ክፍያው የሚሸፈነው «በአገር ውስጥ ተማሪ ተመን» ነው ትላለች።

ብሪታንያ ውስጥ አንዱ ትምህርት ሁለት ዋጋ አለው፤ ለአገሬው ሌላ፣ ለውጭ ሰው ሌላ። እኔ በገባሁበት በፈረንጆቹ 2024/25 የአገር ውስጡ ተመን 4,786 ፓውንድ ነበር። ያ ዩኒቨርሲቲ ከውጭ ተማሪ የሚጠይቀው ደግሞ ከ25 ሺህ በላይ። ልዩነቱን ማን ይከፍላል ብዬ በኢሜይል ጠየቅኩ። መልሱ አጭርና ትሁት ነበር፤ አንተ። እልልታውን መልሼ ማስቆም እንዴት እንደሚከብድ አትጠይቁኝ።

ሁለተኛው ዕድሌ ከሌላ ዩኒቨርሲቲ መጣ። ገንዘቡ የመንግሥቱ የምርምር ፈንድ፣ የዩኬአርአይ ነው። ዩኬአርአይም ቢሆን የትምህርት ክፍያ የሚከፍለው በአገር ውስጡ ተመን ነው። እዚህ ግን ልዩነቱን ዩኒቨርሲቲው ራሱ ተወልኝ። ለውጭ ተማሪ ቦታው ጠባብ የሆነበት አንዱ ምክንያትም ይኸው ይመስለኛል። በዚያ ላይ ፈንዱ በየዓመቱ ከሚቀበላቸው ተማሪዎች የውጭዎቹ ከ30 በመቶ እንዳይበልጡ ይላል። በዚህኛው ጊዜ ደብዳቤውን ሁለቴ አንብቤ፣ ልዩነቱ እንደማይመለከተኝ በጽሑፍ አረጋግጬ ነው የፈረምኩት።

ቀጥሎ ስታይፔንዱ፣ ማለትም የመኖሪያ ድጎማው። ስጀምር በዓመት 19,237 ፓውንድ ነበር፣ በወር ሲካፈል 1,603 ገደማ። ይህ ደመወዝ አይደለም፤ የገቢ ግብር የለበትም፣ እዚያ ሠራተኛ የሚከፍለው ናሽናል ኢንሹራንስም አይቆረጥበትም። የሙሉ ጊዜ ተማሪ የአካባቢው አስተዳደር በመኖሪያ ቤት ላይ ከሚጥለው ካውንስል ታክስም ነፃ ነው። ታዲያ ነፃ ነህ ማለት ደብዳቤ አይመጣብህም ማለት አይደለም። ለእኔ የክፈል ደብዳቤ መጥቶልኛል፤ ተማሪ መሆኔን የሚገልጽ ወረቀት ከዩኒቨርሲቲው አውጥቼ ከላክሁ በኋላ ነው የተሰረዘው። አብሮህ የሚኖረው ሰው ሥራ ካለው ደግሞ ቤቱ ሙሉ በሙሉ ነፃ አይሆንም።

ጉዱ ያለው ግን ከመሄድ በፊት ነው። የቪዛው ማመልከቻ ያኔ 490 ፓውንድ ነበር። ይሁን አልኩ። ከዚያ የኢሚግሬሽን የጤና ክፍያ የሚባለው መጣ። ለተማሪ በዓመት 776 ፓውንድ ነው። እኔ በየዓመቱ የምከፍለው መስሎኝ ነበር። የቪዛው ዘመን በሙሉ ተሰልቶ በአንዴ ነው የሚከፈለው! የትምህርቴ ጊዜ 4 ዓመት ነው፤ ቪዛው ከፊቱም ከኋላውም ጥቂት ወራት ይጨምራል፤ ተጨማሪዎቹ ወራት እንደ ግማሽ ዓመት ይቆጠራሉ። ስለዚህ አራት ተኩል ጊዜ 776፣ ማለትም 3,492 ፓውንድ። ከቪዛው ጋር 3,982። ገና አንድ ሳንቲም ስታይፔንድ ሳልቀበል የሁለት ወር ተኩሉን ከፈልኩ ማለት ነው። ገጹ ላይ ቁጥሩን ሳየው ስህተት ነው ብዬ ሦስት ጊዜ ከመጀመሪያው ሞላሁት። በመጨረሻ ውጭ ያለችው የአክስቴ ልጅ በካርዷ ከፈለችልኝና ዓመት ሙሉ የእሷ ባለዕዳ ሆኜ ኖርኩ። የቲቢ ምርመራውና የአውሮፕላን ትኬቱም ከኪሴ ነው። ልጅና ባለቤት ይዞ የሚሄድ ሰው ለእያንዳንዳቸው ቪዛና የጤና ክፍያ እንዳለ አስቀድሞ ይደምር።

ሄጄስ? ስታይፔንዱ የሚገባው በባንክ ነው፣ ባንኩ አድራሻ ይላል፣ አከራዩ ደግሞ ገንዘብ ይላል። የቤት መያዣው በእንግሊዝ ሕግ ከአምስት ሳምንት ኪራይ አይበልጥም። እኔን የጎዳኝ ዋስ የሚሉት ነገር ነው። እዚያው አገር የሚኖር፣ ገቢ ያለው ዋስ ስላልነበረኝ የብዙ ወር ኪራይ በቅድሚያ ተጠየቅኩ። በመጨረሻ የዩኒቨርሲቲው ማደሪያ ገባሁ። ዋጋው አይጣል ነው፣ ዋስ ግን አይጠይቅም። የመጀመሪያው ስታይፔንድ የገባልኝ ከደረስኩ በአምስተኛው ሳምንት ነው። እስከዚያ ድረስ የተረፍኩት ሱፐርቫይዘሬ በነገረችኝ የዩኒቨርሲቲው አጭር ብድር ነው። እኔ ቀድሜ መጠየቅ ነበረብኝ።

የምርምር ወጪ ሌላ ኪስ ነው። ለኮንፈረንስ፣ ለመስክ ሥራና ለቤተ ሙከራ ዕቃ ለብቻው የተመደበ ገንዘብ አለኝ፤ ከስታይፔንዱ ጋር አይቀላቀልም። ደስ ይላል። ችግሩ መጀመሪያ አንተ ትከፍላለህ፣ በኋላ በደረሰኝ ታስመልሳለህ። ለመጀመሪያው ኮንፈረንሴ ባቡር፣ መመዝገቢያና ሁለት ሌሊት ሆቴል ከፍዬ ገንዘቡ እስኪመለስ ስድስት ሳምንት ጠበቅኩ። አንዷን የታክሲ ደረሰኝ ሱሪዬ ኪስ ውስጥ ረስቼ አጥቤያታለሁ፤ እሷ ቀረች። አሁን ደረሰኝ እጄ ሲገባ እዚያው ቆሜ ፎቶ አነሳለሁ። ትልልቅ ወጪዎችን ደግሞ ትምህርት ክፍሉ በራሱ ካርድ እንዲከፍል እጠይቃለሁ፤ ለካ ይቻል ነበር።

እንዲህ ያለ ደብዳቤ ስለደረሳቸው ጓደኞቼ ሲጠይቁኝ አንድ ኢሜይል አጽፋቸዋለሁ። የክፍያው ልዩነት የማን ነው? ቪዛና የጤና ክፍያ ይመለሳል ወይ? አንዳንድ ዩኒቨርሲቲ ይመልሳል፤ ሳትጠይቅ ግን የሚነግርህ የለም። የመጀመሪያው ስታይፔንድ በስንተኛው ቀን ይገባል? ስታይፔንዱ የሚቆመውስ መቼ ነው?

ይቺ የመጨረሻዋ ለእኔ ገና አልመጣችም። ምዝገባዬ 4 ዓመት፣ ስታይፔንዴ ግን ሦስት ዓመት ተኩል ነው። በፈረንጆቹ ማርች 2028 ያበቃና መመረቂያ ጽሑፌን ስድስት ወር ያለ ገቢ እጨርሳለሁ። በ2025/26 ዝቅተኛው ስታይፔንድ ወደ 20,780 ፓውንድ ሲያድግ የጨመረልኝን በወር 128 ፓውንድ አልነካሁትም። ሌላ አካውንት ውስጥ እየገባ ነው። አካውንቱን «ማርች» ብዬዋለሁ።